ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ድልድዩ ላይ

ነገሩ በጠቅላላ ያስወጣኝ ይህን ነው፦ አርባ አንድ ቀን፣ አንድ ባለ ሃያ አንድ ኢንች ቴሌቪዥን ከነሪሞቱ፣ በግራ በኩል አንድ የመንጋጋ ጥርስ። የፊልም ሱቁን አልጨምርበትም። ሱቁ ያለዚያም መዘጋቱ አይቀርም ነበር፤ እሱን የዘጋው የእጅ ስልክ ነው። ይህ ሁሉ የሄደው በአንድ የፍቅር ፊልም ነው፤ ያውም ያኔ መጨረሻውን ባላየሁት።

አምቦ ውስጥ ፊልም እሸጥ ነበር። መጀመሪያ በሲዲ፣ በኋላ ፍላሽ ላይ እየጫንኩ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በወጣበት ዓመት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ሦስት ሰዎች ሱቄ ገቡ። ሁለቱ የደንብ ልብስ ለብሰዋል፣ አንዱ ጃኬት። ደንበኛ መሰሉኝ።

«ምን ልስጣችሁ? አክሽን ነው የፍቅር?»

«የፍቅር» አለ ባለጃኬቱ።

ሥራዬ ነውና መዘርዘር ጀመርኩ። የሕንድ አለ፣ የቱርክ አለ፣ ትናንት የገባ አለ። እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ ከጃኬቱ ኪስ አንድ ሲዲ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«ይሄ ያንተ ነው?»

«አልሠራ ብሎ ከሆነ እቀይርልሃለሁ» አልኩት።

ሁለቱ ፖሊሶች ተያዩ። ባለጃኬቱ አልሳቀም። የእኔ ስለመሆኑ መካድ አልችልም ነበር፤ የሱቄ ማኅተም በሰማያዊ ቀለም መሃሉ ላይ ቁጭ ብሏል። ማኅተሙን ያስቀረጽኩት ሌላ ነጋዴ ፊልሞቼን እየቀዳ እንዳይሸጥብኝ ነው። እኔ ራሴ ከሰው እየቀዳሁ ነበር የምሸጠው፤ ቢሆንም ንብረት ንብረት ነው። በዚያች ማኅተም ነው ሱቄ ድረስ የመጡት። ቴሌቪዥኑን ነቀሉት፣ እኔን ከመኪናው ጀርባ ጫኑኝ፣ ቴሌቪዥኑን ግን ከሾፌሩ ጎን አስቀመጡት።

የወሰዱኝ በምዕራብ ሸዋ ካሉት ከተሞች ወደ አንዱ ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ ከተማው ምንም አላደረገኝም። ቤቱ የእህል መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። ጫማ ያወለቀ፣ ግራና ቀኝ ግድግዳ ተደግፈው ከተቀመጡ ሰዎች ወደ መሃል የተዘረጋ እግር። ቀጥሎ ሽታው መጣ፤ የበቆሎ፣ የነቀዝ መድኃኒት፣ የሰው። መስኮት የለም፤ ከላይ ከጣሪያው ሥር አንድ ክንድ የምታህል ክፍተት አለች። ከእኔ ጋር ሠላሳ አራት ሆንን። ቦታ ከመያዜ በፊት በዓይኔ ለካሁት፦ ለአንድ ሰው ሦስት ስንዝር ይደርሳል። ሲተኛ ሁሉም በአንድ ጎን ነው፤ አንዱ ሲገላበጥ ረድፉ በሙሉ ይገላበጣል።

«ኮቱ፣ ታኢ» አለኝ አንድ ሽማግሌ፣ ና ተቀመጥ ማለቱ ነው፣ እግሩን ሰብስቦ ቦታ እየለቀቀልኝ። «ምን ብለው አመጡህ?»

«በፊልም።»

«ሠርተህ ነው አይተህ?»

«ሸጬ።»

«እኔን ፈረስህ ታይቷል ብለው ነው» አለ። «መንገድ የተዘጋበት ቦታ ፈረሴ ታየ። እኔ አልታየሁም፣ ፈረሱ ነው የታየው። እሱን ስላልያዙት እኔ መጣሁ።»

ይህ ሰው ሐሮ ወንጪ፣ ማለትም ወንጪ ሐይቅ ላይ፣ ለቱሪስት ፈረስ የሚያከራይ ነበር። ከዚህ በኋላ ባለፈረሱ እለዋለሁ።

አሁን ስለ ፊልሙ ላስረዳ፣ አለዚያ የቀረው አይገባም።

አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ሁለቱም ከየአገራቸው ወጥተው በሦስተኛ ሰው አገር ባቡር ውስጥ ይገናኛሉ። አይተዋወቁም። ቋንቋም አይግባቡም፤ ይህ ከእጃቸው ይታወቃል፣ ገበያ ላይ እንደሚከራከር ሰው በጣት ነው የሚነጋገሩት። አብረው ይበላሉ፣ ባቡር ያመልጣቸዋል፣ አንድ ትልቅ ውሃ ዳር ባለች ከተማ ሦስት ቀን በአንድ ጃንጥላ ሲዞሩ ይከርማሉ። ፊልሙን አንድ ሾፌር ነው ከአዲስ አበባ ከሌሎች ጋር በፌስታል ያመጣልኝ። የምን ቋንቋ እንደሆነ አይታወቅም፤ ሱቄ የገባ ሁሉ የየራሱን ይገምት ነበር። ከሥር ጽሑፍ የለውም። እንዲሁ ብሸጠው ማንም አይገዛኝም።

ስለዚህ ወደ ኦሮምኛ አስተረጎምኩት። ትርጉም ስል ሰው ስክሪኑ ፊት ይቀመጣል፣ ማይክ ይይዛል፣ የወንዱንም የሴቷንም ራሱ ይናገራል፤ ያን ጊዜ ሰው እንደዚያ ያለ ፊልም ይወድ ነበር። የሚተረጉምልኝ አንድ የሒሳብ መምህር ነው። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ሴት ሲሆን ግን በአፍንጫው በኩል ያሳልፈዋል፣ ትንሽ ጉንፋን የያዛት ሴት ይወጣዋል። ፊልሙን ሦስት ጊዜ ዝም ብሎ አየና ደብተር ላይ ጻፈ።

«ቋንቋውን ታውቀዋለህ እንዴ?» አልኩት።

«አላውቀውም። ግን የሚሉት ግልጽ ነው።»

ወንዱን ገመቹ አለው፣ ሴቷን ሌንሳ። ያንን ትልቅ ውሃ ሐሮ ወንጪ አለው። «ሰው የሚያውቀውን ስም ካልሰማ አያለቅስም» አለኝ። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ ከጎረቤት ፍራሽ ነጋዴ በተዋስናቸው አራት ፍራሾች ተከበን ቀዳነው። ባቡሩ ውስጥ ገመቹ የሌንሳን እጅ ሲይዝ የጎረቤት አውራ ዶሮ ጮኸና አብሮ ተቀዳ። እንድገመው ስለው መምህሩ ሰዓቱን አየ። «ተወው፤ ባቡር ላይ ዶሮ የሚጭን አይጠፋም» አለ። ተውነው።

አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት። ፊልሙ የተቆረጠ ነው። ገመቹ ድልድይ ላይ በዝናብ ቆሞ ሌንሳን ሲጠብቅ ቀጥ ይላል። የቀረው ክፍል ሁለት ላይ ነው፤ ክፍል ሁለት ደግሞ ፌስታሉ ውስጥ የለም። ደንበኞች መጥተው መቼ ይገባል ይሉኛል፣ በሚቀጥለው ሳምንት እላቸዋለሁ። ይህን ለአራት ወር አልኩ።

ከመለያየታቸው በፊት ገመቹ በመምህሩ ድምፅ እንዲህ ይላታል፦ «ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ድልድዩ ላይ እጠብቅሻለሁ። ዝናብ ቢሆንም፣ መንገድ ቢዘጋም።»

ሲዲው ጉደር ድረስ ሄዶ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ይታይ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደዚያ በሚወስደው መንገድ፣ አንድ ድልድይ አጠገብ፣ ድንጋይ ተደርድሮ መንገድ ተዘጋ። በዚያ ዓመት ድንጋይ ያልተደረደረበት ቀን ቢፈለግ ይሻል ነበር። ግን አንድ ሰው ምግብ ቤቱ ውስጥ ምሳውን እየበላ ገመቹን ሰማው፤ መንገድ የማዘጋት ጥሪ መሰለው። ሲዲው ከማጫወቻው ወጣ፣ ማኅተሙ ተነበበ፣ እኔ ተገኘሁ።

መርማሪው የሌላ አገር ሰው ነው፣ ኦሮምኛ አይሰማም። ጎኑ አንድ የአካባቢው ተወላጅ ኮንስታብል ተቀምጦ ይተረጉምለታል። እንግዲህ ማንም የማያውቀውን ቋንቋ መምህሩ ገምቶ ተናገረው፣ የመምህሩን ኮንስታብሉ ወደ አማርኛ መለሰው፣ መርማሪው ደግሞ ከዚያ ላይ ወንጀል አወጣበት። እያንዳንዱ ድርሻውን ሠርቷል።

«ገመቹ ማን ነው?» አለኝ በመጀመሪያው ቀን።

«የፊልም ሰው ነው።»

«አድራሻው?»

«ባቡር ላይ ነው የማውቀው።»

ይህንን ባልል ይሻል ነበር። ሁለቱንም ስም ጻፋቸው። መዝገቤ ላይ ግብረ አበር ተብለው የተመዘገቡ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ሁለቱም በሕይወት ኖረው አያውቁም።

በሦስተኛው ጊዜ ሁለት ነገር ጠየቀኝ። አንደኛ፣ ክፍል ሁለትን የት ደበቅከው? ሁለተኛ፣ ድምፁ የማን ነው?

ክፍል ሁለትማ አልነበረኝም። የለኝም ስለው ይበልጥ ያለኝ መሰለው። ለሁለተኛው ግን «የእኔ ነው» አልኩ።

ጀግና አይደለሁም። እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ አስቤበት ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሲዲ ሸጦ ቢገኝ ሞኝ ነጋዴ ነው። ሻጭና ተናጋሪ ሁለት ሲሆኑ ግን ድርጅት ይሆናሉ፣ ድርጅት ደግሞ ሊቀመንበር ይፈለግለታል። መምህሩ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ሚስቱ ከወለደች ገና ሁለት ሳምንቷ ነበር፣ የአራስ ጥየቃውን ዳቦ እኔም በልቻለሁ። እሱን ቢያመጡት ሥራውን ያጣል፣ እዚያ መጋዘን ውስጥም ሦስት ስንዝሩ ሁለት ተኩል ይሆናል። ለእኔም ለእሱም የሚያዋጣው ድምፁ የእኔ ቢሆን ነው።

መርማሪው ከወረቀቱ ቀና አለ። «የሴቷም?»

«የሴቷም።»

«እናያለን» አለና ወደ መጋዘኑ መለሰኝ።

ለማየት ቴሌቪዥን ያስፈልጋል፣ ለቴሌቪዥን መብራት ያስፈልጋል፣ መብራት ደግሞ ለስድስት ቀን ጠፋ። ስድስቱን ቀን ለባለፈረሱ ፊልሙን ስነግረው ከረምኩ። ለእሱ ብዬ አልነበረም፤ መለማመድ ነበረብኝ። መምህሩ የተናገረውን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ከሱቄ በር ላይ ስፒከር አውጥቼ ወሩን ሙሉ አስጩኼዋለሁና በግድ ጆሮዬ ገብቷል። አፌን ግን አላስለመድኩትም። የሌንሳን ድምፅ በአፍንጫዬ ስጀምር ከወዲያኛው ግድግዳ አንዱ «ይሄ ሰው አሞታል፣ ውሃ ስጡት» አለ።

ባለፈረሱ በቁም ነገር ነበር የሚያዳምጠው።

«ይሄ እውነት ነው» አለኝ በሁለተኛው ቀን።

«አባቴ፣ ፊልም ነው።»

«እኔ አይቻለሁ ነው የምልህ። አንድ ጢማም ፈረንጅና አንዲት ረጅም ሴት፣ በየራሳቸው መኪና መጡ። አይተዋወቁም። ቋንቋቸውም ለየቅል ነው፤ እኔ አንዱንም አልሰማ፣ ግን አለመመሳሰሉን ሰማሁ። ሁለት ፈረስ ተከራዩኝ። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ዝናብ መጣ፣ አንድ ሾላ ሥር አብረው ቆሙ። ያቺ ሴት ሳቀች። አቀበቱን ስንመለስ ሁለቱም በአንዱ ፈረስ፣ እኔ ባዶውን እየጎተትኩ።»

«ሂሳብስ?»

«የሁለቱንም ከፈሉ» አለ። «ፍቅር ባይሆን ይቀንሱ ነበር።»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ሾርባው ሲመጣም፣ ለቆጠራ ስንሰለፍም፣ ወደ ሽንት ቤት ስንወጣም።

«መጣች?»

«ክፍል ሁለት የለኝም፣ አባቴ።»

«አንተ ሸጠኸው መምጣቷን አታውቅም?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ምኑን ሸጥክ?» አለኝ አንድ ቀን። ለደንበኞቼ አራት ወር ያልኳትን «በሚቀጥለው ሳምንት» ለእሱ ልላት አልቻልኩም።

መብራቱ በሰባተኛው ቀን ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ መጣ። ሁለታችንንም አብረው ጠሩን፤ እኔን ለፊልሙ፣ እሱን ከእኔ ቀጥሎ ለፈረሱ። እሱን በሩ አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጡት። ቴሌቪዥኔ መርማሪው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ስክሪኑን የጠረገው የለም፤ የሱቄ ጣት አሻራ እንዳለ ነው። ኮንስታብሉ ሲዲውን ከተተ። ከኋላዬ አንድ ሰው ቆሟል፣ ፊቱን እስከ መጨረሻው አላየሁትም።

መርማሪው ሪሞቱን አንስቶ ድምፁን አጠፋው።

«ተናገር» አለኝ።

ባቡሩ መጣ። እኔም ገባሁበት። ገመቹ ሻንጣውን ሲሰቅል እንደ መምህሩ ጉሮሮዬን ጠረግሁና ቀጠልኩ። ሌንሳ ስትመጣ በአፍንጫዬ ሆንኩ። ኮንስታብሉ እየተከተለ በአማርኛ ይላል፦ «ይህ ቦታ ሰው አለበት ወይ ነው የምትለው… የለበትም፣ ቁጭ በይ ነው የሚላት…» መርማሪው በየመሃሉ ድምፁን ከፍ ያደርግና የመምህሩን ይሰማል፣ መልሶ ያጠፋና የእኔን ይሰማል። ቃሉ ያው ነው። ድምፁ ግን ያው እንዳልሆነ እኔም እሰማለሁ። የመምህሩ ከደረት ነው፣ የእኔ ከጥርስ። መርማሪው እስክርቢቶውን ጠረጴዛው ላይ ማንኳኳት ጀመረ።

ገመቹ እጁን ወደ ሌንሳ እጅ ሰደደ። የዶሮው ቦታ ደረሰ።

ጮህኩ። ከሙሉ ሳንባዬ፣ እንደዚያ እንደ ጎረቤት አውራ ዶሮ፣ መጨረሻው ላይ ድምፁ እንደሚሰበረው አድርጌ። መርማሪው ደንግጦ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ዶሮው ሳይጨርስ ደረሰበት፣ የጩኸቱ ጭራ ተሰማ። ኮንስታብሉ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ከኋላዬ ያለው ሰው እንኳን በአፍንጫው ተነፈሰ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ መርማሪው።

«ዶሮ ነው» አለ ኮንስታብሉ። ይህኛው ትርጉም አያሻውም ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለ ድምፁ አልተጠየቅሁም። ድምፁ የእኔ ሆነ። ስለ መምህሩ ማንም ምንም ሳይል አለፈ።

ፊልሙ ግን ይሄድ ነበርና መርማሪው አላጠፋውም። እሱም ማየት ጀምሮ እንደሆነ እንጃ። ጃንጥላው መጣ፣ ውሃው መጣ። ቅዳሜ በሦስት ሰዓት አልኩ፣ ኮንስታብሉም ተረጎመ። ገመቹ ድልድዩ ላይ ቆመ፣ ዝናቡ ወረደ፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ።

«ቀጥል» አለኝ መርማሪው።

«እዚህ ላይ ያልቃል።»

«ተርጓሚው አንተ ነህ። ክፍል ሁለት ምን እንደሚል ታውቃለህ። ቀጥል።»

ጥቁሩ ስክሪን ላይ የራሴ ፊት ይታየኛል። መርማሪው ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። ድካም የሚነበብበት ሰው ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ የተከመረው ፋይል እስከ ደረቱ ይደርሳል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦

«ስማ። ቀጠሮው ላይ ሰው ካልመጣ ቀጠሮ አይባልም። አልመጣችም ካልክ እንደዚያው እጽፋለሁ፣ ትፈርማለህ፣ ከእኔ ጋር ጨረስክ። ቀረች?»

ደህና ዋጋ ነበር። በዚያ ቤት ከዚህ የተሻለ የሚያቀርብልኝ እንደማይኖር አውቃለሁ፤ ሻጭ ሲቸግረው ምን እንደሚመስል ለማወቅ ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። አንዲት ሴት፣ ያውም የሌለች፣ ብትቀር ማን ይጎዳል? «ቀረች» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር።

በሩ አጠገብ መሬት ላይ ያለው ባለፈረስ መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ ፊት ጎንበስ ብሏል። አሥር ደቂቃ ቆይቶ ስለ ፈረሱ የሚጠየቅ ሰው ነው፣ ስለ ፈረሱ ግን እያሰበ አልነበረም። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። ሁለተኛውን ክፍል ሊጠይቁ የሚመጡ ደንበኞቼ ሁሉ በዚያ ፊት ነው ባንኮኒዬ ላይ የሚደገፉት። እኔ ደግሞ ለሁሉም ዋሽቻቸዋለሁ።

በመምህሩ ድምፅ፣ በወፍራሙ፣ «ዱፍቴ» አልኩ።

ኮንስታብሉ አልተረጎመም። መርማሪው ወደ እሱ ዞረ።

«ምን አለ?»

ኮንስታብሉ ሌላ ነገር ማለት ይችል ነበር፤ ለእኔም ሳያስብልኝ አልቀረም። ግን «መጣች ነው የሚለው» አለ።

«ከማን ጋር?» አለኝ መርማሪው።

«ብቻዋን።»

«በስንት ሰዓት?»

«አርፍዳ። ዝናብ ይዟት ነበር።»

ጥርሱ ያን ጊዜ ነው የወጣው። ከኋላዬ በቆመው ሰው እጅ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ሁለተኛ አልደገመኝም። መርማሪው ጽፎ ጨረሰና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። አማርኛው ንጹሕ ነበር፤ «በቀጠሮው ቦታ አርፍዳ ብቻዋን መጥታለች» ይላል። ፈረምኩ። ወረቀቱ ላይ ትንሽ ደም ጠብ አለ፣ በእጅጌዬ ጠረግሁት።

ወደ መጋዘኑ መለሱኝ። ባለፈረሱ ከእኔ በኋላ፣ ብዙ ሳይቆይ መጣ። ስለ ፈረሱ ምን እንዳሉት አልተናገረም። የዕለት ዳቦውን ከፍሎ ግማሹን በውሃ አራሰና፣ ልሞ ሲያልቅ፣ በቀኝ በኩል አላምጥ ብሎ ሰጠኝ።

«በምን መጣች?» አለኝ እየበላሁ።

«በእግሯ።»

«በዚያ ዝናብ?» ራሱን ነቀነቀ። «ፈረስ ብትይዝ ይሻላት ነበር።»

በዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወሬው በረድፉ ሲተላለፍ ሰማሁት። ከእኔ በኩል የተነሳው «መጣች» ወዲያኛው ግድግዳ ሲደርስ ፈረስ ይዛ ነበር።

በአርባ አንደኛው ቀን ስም ተጠርቶ ብዙዎቻችንን ለቀቁን። ለምን እንደያዙን እንዳልነገሩን ሁሉ ለምን እንደለቀቁንም አልነገሩንም። ሊለቁን የመጡት ሰዎች ከማንም መዝገብ አንድ ገጽ ሳይገልጡ ነው ከስም ዝርዝር ላይ የጠሩን። «ቀረች» ብልም ያው አርባ አንድ ቀን ነበር። ይህን ያወቅሁት በኋላ ስለሆነ ለጥርሱ አይጠቅመውም። ባለፈረሱ አብሮኝ ወጣ፤ መንገድ ዳር ተቃቅፈን በየመኪናችን ተሳፈርን። ስለ ቴሌቪዥኑ ለመጠየቅ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ሄጃለሁ። በሁለተኛው ጊዜ የዘበኞች ክፍል ውስጥ በርቶ አየሁት፣ ኳስ እያሳየ። ደህና ይሠራ ነበር።

አሁን የስልክ ሽፋንና ቻርጀር እሸጣለሁ። መምህሩ አሁንም ሒሳብ ያስተምራል፤ ያኔ አራስ የነበረው ልጁ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብቷል። ስለዚያ ነገር ለዓመታት አላወራንም። መታሰሬን ያውቃል፣ በማን ድምፅ እንደታሰርኩም ሳይገምት አይቀርም፤ ከሱቄ ፊት ባለፈ ቁጥር መንገድ ተሻግሮ መጥቶ ይጨብጠኛል፣ ያለ ጉዳይ።

ባለፈው ክረምት ልጄ ፊልሙን ስልኳ ላይ አገኘችው። ሙሉውን፣ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ። መምህሩን ጠራሁትና ሦስታችን ባንኮኒው ላይ ተደፍተን አየነው፣ እሷ እያነበበች። ገመቹ ገመቹ አይደለም፣ ይህ ይጠበቃል። ግን ቅዳሜ የሚባል ነገርም የለም። ሦስት ሰዓት የለም፣ መንገድ መዘጋት የለም፣ ቀጠሮ ራሱ የለም። ሰውየው በዚያ ቦታ ላይ የሚላት «ጃንጥላሽን ረሳሽ» ነው። እሷ «ያንተ ይሁን» ትለዋለች። ድልድዩ ላይ የቆመው ማንንም እየጠበቀ አይደለም፣ ዝም ብሎ ነው የቆመው። እሷም አትመጣም። ሁለቱም በየባቡራቸው ወደየአገራቸው ይሄዳሉ።

«ይሄ ምን ፊልም ነው» አለ መምህሩ ተናዶ። «ጃንጥላ ይዞ ሊቀር?»

ልጄ ሄደች። እኔም ለብዙ ዓመት ያልጠየቅሁትን ጠየቅሁት፤ አንዳንድ ቀን መርማሪው ትክክል ይሆን እንዴ እያልኩ ነበርና።

«ቅዳሜን ከየት አመጣኸው?»

እንደማይገባው ተማሪ አየኝ። «ቅዳሜ ገበያ ነው» አለ። «ሰው በሌላ ቀን የት ይገናኛል?»

ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ቀረሁ። የአምቦ ገበያ ቅዳሜ ነው። ከገጠር የሚመጣ ሁሉ ሦስት ሰዓት ላይ ድልድይ ይሻገራል፤ ተጫጭቶም ተጣልቶም የሚገናኘው በዚያን ቀን ነው። ይህን መርማሪው ላያውቅ ይችላል፣ የሌላ አገር ሰው ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ በቅዳሜ የኖርኩ ነጋዴ ነኝ፤ አርባ አንድ ቀን ሙሉ ይህቺን አንድ መልስ ማሰብ አልቻልኩም።

«ለምን ጠየቅከኝ?» አለ መምህሩ።

«እንዲሁ» አልኩት።

ስለዚህ ሂሳቡ እንደሚከተለው ነው። ቴሌቪዥኑ አልተመለሰም። ጥርሱን አላስተከልኩም። መምህሩ ያስተምራል። መዝገቡ ውስጥ ሴትየዋ መጥታለች።